ስምን መልአክ ያወጣዋል?
ስለ «አቢሲኒያዊቷ» ድመት፣ ስለ ዳኞቿና ስለ እኛ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። አንዳንዱን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን ወታደር ነው። ወታደሩ ሲደክመው ነጋዴው ይቀበለዋል፤ ነጋዴው ሲደክመው ደግሞ ዳኛ በማኅተም ያጸድቀዋል። ከዚያ በኋላ ስሙን «ተው ውሸት ነው» የሚል ሰው እንደ ጠብ ጫሪ ይቆጠራል። እኛ ዛሬ ጠብ ጫሪ ልንሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የአንዲት ድመት ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀጭን፣ ቀላ ያለች፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ዓይኗ እንደ ለውዝ የሾለ ድመት ናት። ከሥሯ «አቢሲኒያዊት» የሚል ተጽፏል። ያየ ሁሉ ደረቱን ይነፋል። «የኛ ናት! እንግሊዞች ከመቅደላ የሰረቁብን ናት! ከታቦቶቻችን ጋር ትመለስልን!» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ዓለም በየዓመቱ በሚያደርገው የድመት ትርኢት ላይ ሽልማት ስታገኝ የኢትዮጵያ ስም የተጠራ ይመስላቸዋል። እኛ ከአቦምሳና ከዙሪያዋ የመጣን ተማሪዎች ጉዳዩን ተከራክረንበት ከአንድ ነጥብ ላይ ደርሰናል። ይህ ኩራት ባዶ ነው፤ ባዶ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን፤ ግን ሙሉ የሆነውን ነገራችንን ይጋርድብናል።

እስቲ ከስሙ እንነሣ። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ ተነሥቶ ዙላ ላይ አረፈ። ዙላ ዛሬ በኤርትራ የምትገኝ የባሕር ዳርቻ ናት። ጦሩ ወደ ደጋው ዘልቆ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ በኛ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞታቸውን መረጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታቦቱ፣ ዘውዱ፣ የብራና መጻሕፍቱ ተዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጫኑ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደና በ1879 ገና በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር አረፈ። ይህ ዝርፊያ እውነተኛ ዝርፊያ ነው። ሰነድ አለው፤ የሚመለስ ዕቃም አለው።

ድመቷስ? በ1871 ዲሴምበር ወር በሎንዶን ክሪስታል ፓላስ በተደረገ የድመት ትርኢት ላይ አንዲት «አቢሲኒያዊት» ድመት ሦስተኛ ወጣች ተብሎ ሀርፐርስ ዊክሊ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በጃንዋሪ 1872 ጻፈ። በጦርነቱ የተማረከች ናት ተባለላት። በ1874 ደግሞ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ድመት ሥዕል ወጣ፤ የአንድ ሻምበል ባለቤት ከአቢሲኒያ ጦርነት ማግሥት ያስመጣቻት ናት ይላል። ስሟ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ዙላ»! ጦሩ ያረፈባት ወደብ! እንግዲህ ልብ በሉ። የሥዕሏ ድመት ዛሬ «አቢሲኒያዊት» ከምትባለው ጋር እምብዛም አትመሳሰልም፤ ያቺኛዋ ጆሮዋ አነስ ያለ፣ ፊቷ ክብ ነው። ከእርሷ እስከ ዛሬዎቹ የሚያደርስ የትውልድ መዝገብም የለም።

በኔዘርላንድ፣ በላይደን ቤተ መዘክር ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጦርነት በፊት፣ በ1830ዎቹ አጋማሽ የተገዛ የአንዲት ድመት ቆዳ ተሰፍቶ ተቀምጧል። መልኳ የዛሬዋን አቢሲኒያዊት ይመስላል። የተጻፈባት አገር ግን ሕንድ ነው። በእኛ ዘመን የተደረጉት የዘረ መል ጥናቶችም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚያመለክቱት። ከሁሉ የሚቀርበው ግምት ድመቷ በእንግሊዝ ነጋዴዎች መርከብ ከእስያ ሄዳ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከአገሬው ድመት ጋር ተዳቅላ፣ እዚያው በሰው ምርጫ የተበጀች ናት የሚለው ነው። ታዲያ «አቢሲኒያ» ከየት መጣ? በዚያ ሰሞን የጦርነቱ ወሬ ትኩስ ነበር። ትኩስ ወሬ ደግሞ ዋጋ ያወጣል። አገራችን ለድመቷ የሰጠቻት ደም ሳይሆን ማስታወቂያ ነው!

እንግዲህ «ትመለስልን» ባዮችን እንጠይቅ። የማትመለሰውን ከሚመለሰው ጋር ስታደባልቁ ማንን ነው የምትጠቅሙት? ታቦቱን የያዘው ክፍል «እነዚህ ሰዎች ድመትም የኛ ናት ይላሉ» ብሎ እንዲስቅ ነው? እውነተኛ ክስ ያለው ሰው የሐሰት ምስክር አይቆጥርም።

አሁን ወደ ትርኢቱ እንለፍ፤ ለምን ቢሉ ስሙን ያጸደቀው እርሱ ነውና።

የመጀመሪያው ስመ ጥር የድመት ትርኢት የተደረገው ጁላይ 13 ቀን 1871 በዚያው በክሪስታል ፓላስ ነው። አሰናጁ ሀሪሰን ዊር የተባለ ሠዓሊ ነበር። መልካም ሐሳብ ነበረው፤ በመንገድ ላይ በድንጋይ የምትባረረዋ ድመት እንድትከበር ይሻ ነበር። ለየመልኩ መለኪያ ጻፈ፤ በ1887 የተቋቋመው ብሔራዊ የድመት ክበብ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በኋላ ግን ክበቡን ትቶ ወጣ። አባሎቹ ከድመቷ ደኅንነት ይልቅ ሽልማቱን ያስቀድማሉ ብሎ ነው የወጣው። የቤቱ መሥራች ራሱ የመሰከረውን ነገር እኛ ብንናገር ምን ያስደንቃል?

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። በመጀመሪያ መዝጋቢ ድርጅት አለ። በአሜሪካ በ1906፣ በእንግሊዝ በ1910 ትልልቆቹ ተመሠረቱ። ግልገሏ ስትወለድ የእናቷ፣ የአባቷ፣ የአያት የቅድመ አያቷ ስም በመዝገብ ይሰፍራል። ባለቤቷ ለትርኢቱ ቅጽ ይሞላል፣ ገንዘብ ይከፍላል። በእንግሊዙ የቆየ ሥርዓት ድመቷ በር ላይ በእንስሳት ሐኪም ትታያለች፤ ከዚያ ቁጥር ባለው የሽቦ ቤት ውስጥ ትገባለች። ዳኛው ረዳቱን አስከትሎ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይመረምራታል። በአሜሪካው ሥርዓት ደግሞ ድመቷ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ትጠራለች፤ ዳኛው አንሥቶ፣ አገላብጦ፣ በተመልካች ፊት ይናገራል፣ ሪባን ያስራል። በእንግሊዝ ከሦስት የተለያዩ ዳኞች በሦስት ትርኢቶች የምስክር ወረቀት ያገኘች ድመት «ሻምፒዮን» ትባላለች።

ዳኛው የሚፈርደው በምን ይመስላችኋል? በተጻፈ መለኪያ ነው። በትልቁ የአሜሪካ ድርጅት መለኪያ መሠረት ለአቢሲኒያዊቷ ድመት ከ100 ነጥብ ውስጥ ለራስ ቅርጽ 25፣ ለአካል 30፣ ለፀጉሯ ባሕርይ 10፣ ለቀለሟ 35 ይሰጣል። እያንዳንዷ ፀጉር ላይ ቀላና ጠቆር ያለው ቀለም እንደ ቀለበት መፈራረቅ አለበት። ደረቷ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ብትገኝ ከውድድር ትወጣለች። እስቲ ደምሩት፤ 25፣ 30፣ 10፣ 35። መቶ ሞላ አይደል? አይጥ ለመያዝ ስንት ነጥብ ተረፈ?

ዜሮ!

አቦምሳ ላይ ይህን መለኪያ ለአንድ የእህል ነጋዴ ብታነቡለት በሳቅ ይሞታል። የመርቲ፣ የጀጁ፣ የጉና ገበሬ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ማሽላውን ለፍቶ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ጠላቱ አይጥ ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት ያወጣው በጎተራው በር ቆሞ ያዘነ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ በኛ አገር ድመት የምትመዘነው በሌሊት ነው፤ ዳኛዋም ጎታው ነው። ጠዋት ከጎታው ሥር ጥራጊው ከበዛ ወደቀች፤ ካነሰ አለፈች። ደረቷ ላይ ነጭ ቢኖርባት፣ ጭራዋ በጎረቤት በር ተቆርጦ ቢያጥር ማን ጉዳዬ ይላል?

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ ይነሣብናል። «እናንተም ዘር ትቆጥራላችሁ እኮ! እናቶቻችሁ ግልገል ድመት ሲወስዱ ‹እናቷ አዳኝ ናት ወይ?› ብለው ይጠይቁ የለም?» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ይጠይቃሉ። እኛም ዘር መቁጠር ሁሉ ኃጢአት ነው አላልንም። ልዩነቱ ግን የት ላይ ነው? እናቶቻችን ስለ እናቲቱ የሚጠይቁት ስለ ሥራዋ ነው። ግልገሏ ደግሞ ካደገች በኋላ በራሷ ሥራ ትመዘናለች፤ እናቷ ጀግና ነበረች ተብሎ ለሰነፍ ድመት ወተት የሚቀዳ ቤት የለም። በትርኢቱ ዓለም ግን ወረቀቱ ከሥራው ተለያየ፤ ዘሩ ለዘሩ ሲባል ብቻ ይቆጠር ጀመር። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ አሉ። በቅሎው ይህን ያለው በተሸከመው ጭነት የሚጠይቀው ሲጠፋ ነው።

ይህ ነገር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። መዝገብ ሲዘጋ ደም ይጠብባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቀሩት አቢሲኒያውያን ድመቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዘሩ ከጥቂቶች ተነሥቶ ነው እንደገና የተባዛው። በዚህ ዝርያ ውስጥ የዓይንን ብርሃን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ተገኝቷል። በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ የድመት ዘረ መል ተነበበ ሲባል የተነበበችው ሲናሞን የምትባል አቢሲኒያዊት ድመት ነበረች፤ እርሷም የዚያ የዓይን በሽታ ዘር ካለበት ቤተሰብ ነው የመጣችው። ስንቱ ዳኛ ዓይኗ እንደ ለውዝ መሾሉን አይቶ ነጥብ ሰጠ! ለማየት መቻሏ ግን በነጥቡ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ጠንቃቃ አርቢዎች ከማዳቀላቸው በፊት የዘር ምርመራ ያስደርጋሉ፤ ይህ መልካም ነው። ግን መድኃኒቱ የመጣው ከላቦራቶሪ እንጂ ከዳኛው ጠረጴዛ እንዳልሆነ ይታወቅ።

«ኧረ ተዉ እባካችሁ፣ ሕዝብ ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ፈረንጅ ድመት ወረቀት ማባከን ምንድን ነው?» የሚለንም አይጠፋም። ለዚህ ወንድማችን የምንመልሰው በከብት ነው።

ቦረና የሚባለውን ከብት የማያውቅ የለም። ሻኛው ከፍ ያለ፣ ድርቅ የሚችል፣ ሥጋውም ቁመናውም የተመሰከረለት ነው። ምንጩ የኛው የቦረና ምድር ነው፤ ስሙ እውነት ነው። የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን «ቆርቲ»ና «አዩና» እያለ ይለያል፤ የላሟን ዘር በቃሉ ይቆጥራል። ነገር ግን የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር በ1951 ተቋቁሞ መለኪያ የጻፈው፣ መዝገብ የከፈተው የት ነው? ኬንያ ውስጥ ነው። የኬንያ ባለ ትልልቅ እርሻዎች ከቦረና አርብቶ አደር የተገኘውን ከብት መርጠው፣ መዝግበው፣ አሻሽለው ወደ ዛምቢያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እስከ አውስትራሊያ አደረሱት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው!

ነገሩን አጥርታችሁ እዩት። ድመቷ ስሟ የኛ ነው፤ ዘሯ የኛ አይደለም። ከብቱ ዘሩ የኛ ነው፤ መዝገቡ የሌላ ሆነ። እኛስ የቱን ይዘን ጮኽን? የድመቷን! በስም ኩራት ሰክረን በእጃችን ያለውን ሳንጽፈው ቀረን። ዝርያ የሚኖረው በደም ብቻ አይደለም፤ መለኪያውን የጻፈ፣ መዝገቡን የያዘ ሰው ነው ገበያውን የሚያዝበት።

«እኛ መመዝገብ አንችልም» የሚል ካለ ወደ አርሲና ወደ ስምጥ ሸለቆ ይምጣና ይይ። በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ የአርሲንና የቦረናን ላሞች ከፍሪዝያንና ከጀርሲ ጋር እያዳቀለ፣ የእያንዳንዷን ላም ወተት እየለካ ይጽፍ ነበር። በአዳሚ ቱሉ በኩል የነበረው የአበርኖሳ ከብት እርባታም የቦረናን መንጋ ይዞ ክልስ ጊደሮችን ለገበሬ ያከፋፍል ነበር። እዚያ ላም የተመዘነችው በቀንዷ ቅርጽ አይደለም፤ በወተቷ፣ በመውለዷ፣ በሽታ በመቋቋሟ ነው። ስለ ስምም ካነሣን፣ የኛን ወረዳ ስም አገር ሁሉ ለዓመታት ያወቀው ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ «መርቲ» ይል ነበር፤ ቲማቲሙም የላይኛው አዋሽ መሬት ቲማቲም ነበር። ስምና ነገር ሲገጥሙ እንዲህ ነው! የሚያኮራው ይህ ነው እንጂ ለንደን ላይ የተጠመቀች ድመት አይደለችም።

እንግዲህ በትርኢቱ ዓለም ምንም የሚወሰድ ነገር የለም ማለታችን ነው? አይደለም። ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ለዚህ መጽሔት ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛው ይህ ነው። በእንግሊዙ የቆየ ሥርዓት በሽቦ ቤቷ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ነጭ ነው፤ የውሃ ሳሕኑ ነጭ ነው፤ የመጸዳጃው ሳጥን ነጭ ነው። የባለቤቱን ማንነት የሚያሳብቅ ምልክት ክልክል ነው። ዳኛው ሲዞር ባለቤቶች ከአዳራሹ ይወጣሉ። ለምን? ዳኛው የጌታዋን ኪስ ሳይሆን ድመቷን እንዲያይ ነው። በደም የሚያምኑት ሰዎች እንኳ በፍርድ ሰዓት ስምን ይሸፍናሉ!

ሁለተኛው፣ በየትርኢቱ ለመናኛዋ የቤት ድመት የሚሰጥ ክፍል አለ። መዝገብ የሌላት፣ አባቷ የማይታወቅ፣ ከመንገድ የተነሣች ትገባበታለች። ለእርሷ የዘር መለኪያ አይነበብባትም፤ የምትመዘነው በጤንነቷ፣ በአያያዟ፣ በጠባይዋ ነው።

እኛስ? እኛ በሥነ ጽሑፍ ስም የተሰበሰብን ወጣቶች የምንፈርደው እንዴት ነው? አንድ ግጥም ለንባብ ሲቀርብ አስቀድመን የምንጠይቀው «የማን ነው?» ብለን ነው። ቀጥሎ «የየት አገር ልጅ ነው?»፣ ቀጥሎ «የስንተኛ ዓመት ነው?»፣ ቀጥሎ «ከነማን ጋር ይውላል?» እንላለን። ግጥሙ የሚነበበው ይህ ሁሉ መዝገብ ከተገለበጠ በኋላ ነው። ከአቦምሳ የመጣ ልጅ ኦሮምኛ ቅላጼው አማርኛው ውስጥ ከገባ ደረቱ ላይ ነጭ ጠብታ እንደተገኘበት ድመት ከውድድር ይወጣል። የታወቀ ስም ያለው ደግሞ የተኮላሸ ስንኝ ይዞ ይመጣና ሻምፒዮን ይባላል። ምን ይባላል ይሄ? በድመት ላይ ስቀን በሰው ላይ ልንደግመው ነው?

ከዚህም ይከፋል። በየግቢው «አባትህ ማነው፣ ዘርህ ምንድን ነው» የሚለው ጥያቄ ከግጥም አልፎ ወዳጅነትን፣ መኝታ ክፍልን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ይወስን ጀምሯል። የተዘጋ መዝገብ ድመቲቱን ዓይኗን እንዳሳጣት ከላይ አይተናል። የሰው ልጅ ከድመት የሚለየው መዝገቡን ራሱ ስለሚጽፍና ራሱ መቅደድ ስለሚችል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስለ መቅደላ ዝርፊያ የምንናገር ሁሉ የተመሰከረለትን እንያዝ፤ ታቦቱን፣ ብራናውን፣ የልዑሉን አፅም እንጠይቅ፤ ድመቷን ለባለቤቶቿ እንተውላቸው። ሁለተኛ፣ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የየአካባቢያችንን ከብት፣ እህል፣ ስምና አመራረጥ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች አፍ እየጻፍን እንምጣ፤ ይህ መጽሔት ገጽ ይስጠን። ሦስተኛ፣ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ለዚህ መጽሔት የሚቀርብ ጽሑፍ ሁሉ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ ለአንባብያን ኮሚቴ ይቅረብ። ስሙ የሚገለጠው ከፍርዱ በኋላ ይሁን።

ይህን የሚቃወም ካለ ይጻፍ፤ እኛም እንመልሳለን። የአይጦቹ ጉባኤ ለድመት ቃጭል ይታሰርባት ብሎ በጭብጨባ ወስኖ የሚያስር ጠፍቶ ተበተነ ይባላል። የኛ ጉባኤ እንደዚያ እንዳይሆን የመጀመሪያውን ቃጭል እኛው እናስራለን፤ ይኸው ይህ ጽሑፍ የቀረበው ያለ ስም ነው። በያዘው ነገር መዝኑት።